«አራሚው»፦ ክሩን ላላነበባችሁ

በመድረካችን ስለ ሟቹ «አራሚው» የተከፈተው የውይይት ክር ረዝሞ ወደ መጀመሪያው መመለስ የታከታችሁ በውስጥ መስመር እየጠየቃችሁኝ ስለሆነ፣ እስካሁን የተባለውን የየአስተያየቱን ቁጥር እየጠራሁ በራሴ አነጋገር እነግራችኋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ቃል በቃል የፈለገ ክሩ ላይ ይሂድ። በመሀል የራሴንም ጣል አደርጋለሁ። የመድረኩ አስተናጋጅ ስላልሆንኩ ገለልተኛ የመሆን ግዴታ የለብኝም።

ክሩን የከፈተችው የሟቹ የመጨረሻ ልጅ ናት። አባቷ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በቀብሩ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም ትላለች። በ1933 ዓ.ም. ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፣ በጋዜጠኝነት አገለገሉ፣ ከዚያም በመንግሥት መሥሪያ ቤት በተለያየ የሥራ ኃላፊነት ሠሩ፣ በ1988 ጡረታ ወጡ፣ ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ፤ አለቀ። (ይህን ጽሑፍ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ስሙን ብቻ እየቀያየርን ስንቱን ሸኝተንበታል።) ለሙት ዓመቱ አነስ ያለች መጽሔት አሳትማ ለእንግዳው ልታድል አስባለች። ጋዜጣው ቤት አብሯቸው የሠራ፣ ቢሯቸው ጉዳይ ይዞ የገባ፣ ሰባ ደረጃ አካባቢ ጎረቤታቸው የነበረ ሁሉ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍላት ለመነች። መጥፎም ቢሆን እንዳይተውባት አደራ ብላለች። ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚያች አደራ የተነሣ ነው።

የአባቷን ስም አልጻፈችም፤ በኋላ የሠሩበትን መሥሪያ ቤትም እንዲሁ። ሰፈሩ «አራሚው» ነበር የሚላቸው። ክሩም በዚያው ቀጠለ፤ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።

ከ1 እስከ 5 ያሉት ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ የሚሉ ናቸው። 4ኛው ዕድራቸው የትኛው እንደነበር ጠይቆ መልስ የሰጠው ሳይኖር ቀረ።

ቁም ነገሩ የጀመረው 6ኛው ላይ ነው። ጸሐፊው አዲስ ዘመን ጋዜጣ አብረዋቸው የሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በስልክ እየነገሩ የልጅ ልጃቸው ናት የምትጽፍላቸው። አራሚው በ1955 የገቡት በአራሚነት ነው፤ ሌላ ክፍት ቦታ አልነበረም። ማታ ማታ አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ፊደል ለቃሚዎቹ የእርሳሱን ፊደል አንድ በአንድ ከየሳጥኑ እያነሡ ይደረድራሉ። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ቤት 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹና አኃዙ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋሉ። ስለዚህ የአንዱ ፊደል ከሌላው ሳጥን ገብቶ መገኘቱ የየዕለት ነገር ነበር። ቀለሙ ያልደረቀው የማረሚያ ወረቀት ሲመጣላቸው አራሚው አስቀድመው የሚያዩት የንጉሠ ነገሥቱን ስምና ማዕረግ ነው። እዚያ ላይ አንድ ፊደል ቢወድቅ ማንም ማንን አያድንም። የቀረውን ግን ከታች ወደ ላይ ነበር የሚያነቡት። የመጨረሻውን መስመር ጨርሰው ወደ በላዩ ይወጣሉ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ሽማግሌው በጊዜው ገርሟቸው ምክንያቱን ቢጠይቋቸው፣ ከላይ ወደ ታች ያነበበ ሰው ወሬው ይዞት እንደሚሄድና የጎደለውን ፊደል ዓይኑ ራሱ እንደሚሞላው አስረዷቸው። ዘጋቢ ሆነው ከወጡ በኋላም ቀይ እስክሪብቷቸው ከኪሳቸው አልጠፋም። የሰው ጽሑፍ በአጠገባቸው ሲያልፍ እጃቸውን ይበላቸው ነበር። አራሚው ዘወትር ከጋዜጣው ጋር እኩያ ነን ይሉ እንደነበርም ሽማግሌው ጨምረዋል።

በዚህች መጨረሻ ላይ 7ኛው ገባበት። ጋዜጣው የተመሠረተው በ1934 ነውና እኩያ ሊሆኑ አይችሉም አለ። 9ኛው በትሕትና አቃንቶታል፦ የመጀመሪያው እትም የወጣው ግንቦት 30 ቀን 1933 ነው፤ ንጉሡ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ በገቡ በወሩ መሆኑ ነው። 1934 የዜና አገልግሎቱ የተቋቋመበት ዓመት ስለሆነ 7ኛው ሁለቱን አቀላቅሎባቸው ይሆናል ብሎ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ ዘጋው። 7ኛው አመስግኖ ሄደ። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ መድረክ ዳግመኛ የምናይ አይመስለኝም።

በመሀል 8ኛው አራሚውን በቴሌቪዥን ዜና ሲያነቡ አይቻለሁ ብሎ ነበር። 10ኛው ፈጽሞ አልተቀበለውም። ቴሌቪዥኑ በ1957 ማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ሲጀመር ዘመዱ እዚያ ይሠራ ነበር፤ ዜና የሚያነቡትን ሁሉ እያንዳንዳቸውን ያውቃል፤ አራሚው ከመካከላቸው የሉበትም። 8ኛው አልተመለሰም። እኔ 10ኛውን አምናለሁ። አራሚው ባደባባይ ድምፃቸው የሚሰማ ሰው አልነበሩም፤ ይህን የምለው ጡረታ ከወጡ በኋላ በዓይን ስለማውቃቸው ነው።

11ኛዋ ሰባ ደረጃ ያደገች ሴት ናት፤ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት የእሷን ነው። አራሚው ከማተሚያ ቤቱ የጋዜጣ ወረቀት ቁራጭ ጠቅልለው ያመጡ ነበርና የሰፈሩ ልጅ ሥዕል የለመደው በዚያ ወረቀት ላይ ነው። ለሥዕል ብሎ ደብተር የሚገዛ ወላጅ በዚያ ዘመን የት ይገኛል። ሚስታቸው ነርስ ነበሩ፤ ሌሊት ተረኛ ሆነው ሲያድሩ ጠዋት ልጆቹን ለትምህርት ቤት የሚያዘጋጁት አባት ናቸው። ትልቋ ልጃቸው አንድ ቀን ሹሩባዋ ግማሹ ወደ ፊት ግማሹ ወደ ኋላ ተሠርቶ መጣች። የሠሯት አባቷ እንደሆኑ ሲታወቅ ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ልጅቷ አልቅሳ ቤት ስትገባ አራሚው ሰምተው ዝም አሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን ጸጉሯን እንደ ገና ፈትተው ቁጭ አሉ። የ11ኛዋ እናት በተከፈተው በር አይተው ገብተው ካላሳየሁ ቢሉ እምቢ አሏቸው፤ እጃቸውን ብቻ እያዩ በአፍ እንዲነግሯቸው ጠየቁ። እናትየው በር ላይ ቆመው ከዚህ ያዝ፣ ከዚያ ሳብ እያሉ፣ አንድ የመንግሥት ጋዜጠኛ ከረባቱን አስሮ ሹሩባ ሲማር ሰፈሩ አየ። ለወሬ ጥሩ ነበር። ወሬው ግን ከሁለት ሳምንት አልዘለለም፤ ሹሩባው ቀጥ ብሎ ነበርና።

ቅዳሜ ደግሞ አራቱን ልጆችና ከጎረቤት ያገኙትን ይዘው ፒያሳ ኤንሪኮ ኬክ ቤት ይሄዳሉ። ኬክ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ከዕለቱ ጋዜጣ አንድ ዜና ጮክ ብሎ ያነባል። የተሳሳተ አይከለከልም፤ መጨረሻ ይደርሰዋል እንጂ።

ኤንሪኮ ሲነሣ ክሩ መንገዱን ሳተ። 12ኛው ኬኩ እኩለ ቀን ሳይደርስ ያልቅ እንደነበር፣ 13ኛው ወረፋው ራሱ እንዴት እንደነበር፣ 14ኛው የትኛው ዓይነት ይበልጥ እንደነበር ጻፉ። 15ኛው በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የተወለደበት ቤት አብሮ መሄዱን ጠቅሶ ፒያሳ የለም፣ ስለማን ነው የምታወሩት ብሎ ቆጣ አለ። 16ኛዋ ይበልጥ ተቆጣች። ጣራው የሚያፈስ፣ መጸዳጃው ለአሥራ ምናምን አባወራ አንድ የሆነ ቤት ውስጥ ኖራ የወጣች ናት፤ ዛሬ ቧንቧዋም መጸዳጃዋም የራሷ ነው፤ ለፈረሰው የሚያለቅሱት ከፈረሰው ውስጥ ያልኖሩት ናቸው ባይ ናት። 17ኛው አዲሱ ሰፈሯ ለቅሶ ቢደርስባት ድንኳን የሚተክልላት ጎረቤት እንዳላት ጠየቃት። መልሷን አስተናጋጁ ሰርዞታል፤ ምን እንደነበር መገመት አያቅትም። 18ኛው የአስተናጋጁ ማሳሰቢያ ነው።

19ኛው ሌላ በር ከፈተ። ወንበር የወጣ ጋዜጠኛ እንደ ሞተ ጋዜጠኛ ነው፤ አራሚውም የሞቱት አምና ሳይሆን ጋዜጣውን ትተው ቢሮ በገቡበት በ1972 ነው አለ። ሙት ዓመት ሊወጣለት በተዘጋጀ ሰው ላይ እንዲህ መጻፍ ድፍረት ነው፤ ግን ክርክሩ የተነሣው በዚሁ ነው። 20ኛው ከጋዜጣ ዋና አዘጋጅነት ተነሥተው አምባሳደር የሆኑትን አሐዱ ሳቡሬን ጠርቶ ብዕራቸው መች ነጠፈ ሲል ሞገተ። 21ኛዋ በዓሉ ግርማን አመጣች። የጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነበር፣ በማስታወቂያው ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት ወጣ፣ በ1975 ኦሮማይ ሲታተም ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ስለዚህ ወንበር ላይ ሆኖም የሚጽፍ ይጽፋል፣ ዋጋውን ይከፍላል እንጂ፤ የእሷ ነጥብ ይህ ነው። 22ኛው ደግሞ ጳውሎስ ኞኞ ከአራተኛ ክፍል ባልዘለለ ትምህርት፣ ያለ ምንም ወንበር፣ በጋዜጠኝነቱ ብቻ አገር ያወቀው ሰው ሆኖ መሞቱን አስታውሶ የ19ኛውን ሐሳብ ደገፈ።

23ኛው ሁሉንም ወደ መሬት መለሳቸው። አራሚው አምባሳደርም ቋሚ ተጠሪም አልነበሩም፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አቤቱታ የሚቀበል ክፍል ኃላፊ ነበሩ፣ ጠረጴዛቸውም ኮሪደር ዳር ነበር። ከትልልቆቹ ጋር ማወዳደሩ እሳቸውንም ትልልቆቹንም መበደል ነው አለ። ልክ ነው።

ለምን ጋዜጣውን ተዉ የሚለው ግን እስካሁን አልጠራም። 6ኛው ሽማግሌ በ25 ተመልሰው መጥተው ከ1969 እና ከ1970 በኋላ ብዙዎቻችን እግራችን እንጂ ልባችን ማተሚያ ቤቱ አልነበረም ብለው በዚያው አለፉት። ትልቁ ወንድ ልጅ በ26 የዓይናቸው ነገር ነው አለ፤ የሌሊት ማረም ዓይናቸውን ጎድቶት ሐኪም ከልክሏቸው ነበር። 30ኛዋ፣ የእናትየው የሥራ ባልደረባ፣ ደመወዝ ነው ብላ ሁለቱንም ቆረጠቻቸው፤ አራት ልጅ በአራሚ ደመወዝ አያድግም። ሦስቱ እርስ በርስ የሚጣሉበት ምክንያት አልታየኝም። አንድ ሰው ፈርቶም፣ ዓይኑ ደክሞም፣ ኪሱ ጎድሎም በአንድ ጊዜ ሥራ ይለቃል።

24ኛው ረጅሙ ነው። ጸሐፊው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ያላቸው አንድ ቤት ብቻ ሆኖ ሳለ በስሕተት ከትርፉ ተርታ የተጻፈባቸው የአንዲት መበለት ልጅ ነው። እናቱ ዓመታት ተመላልሰዋል። አራሚው ዘንድ የደረሱት ራፖር ጸሐፊ የጻፈላቸውን ሦስት ገጽ አቤቱታ ይዘው ነበር። አንደኛው ገጽ ውዳሴ ነው፤ ሁለተኛው የመበለቲቱ መከራ፤ የቤቱ ቁጥር የተገኘው ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ነው። አራሚው ወረቀቱን አንብበው ወደ ጎን አደረጉት። ሴትዮዋን አስቀምጠው ማን ጻፈው፣ መቼ፣ የት ጽሕፈት ቤት፣ ቤቱ ውስጥ ያኔ ማን ይኖር ነበር እያሉ እንደ ዘጋቢ ጠየቋቸው። ልጁ ያኔ አሥር ዓመቱ ነው፤ እናቱ ማልቀስ ሲጀምሩ አራሚው እስክሪብቶውን አስቀምጠው እንደጠበቁ፣ ሲያበቁ ያቆሙበትን ጥያቄ በዚያው ቃል እንደ ደገሙት ያስታውሳል። ግማሽ ገጽ ጻፉ። ከዚያ ጮክ ብለው አነበቡላቸውና የተሳሳተ ካለ አርሙኝ አሏቸው። እናትየው የጎረቤቱን ስም አቃኑ። ሁለት ግልባጭ ተሰጣቸው፤ አንዱን ቤት እንዲያስቀምጡና ዋናውን ለማንም ያለ ፊርማ እንዳያስረክቡ ተነገራቸው። ቤቱ ሲመለስ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። 24ኛው እንደ ተአምር አያወራውም፤ ሌሎችም እንደረዷቸው ጽፏል። ግልባጩ ግን ዛሬም ቤቱ አለ።

27ኛው ለዚህ የሰጠው መልስ አሳቀኝ። አባቱ በዚያው በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ፤ ዋጋቸው በገጽ ነው። ሦስት ገጽ ወደ ግማሽ ገጽ ሲወርድ የማን ራት እንደጎደለ ማንም አልጠየቀም ይላል። አባቱ አራሚውን ማታ ማታ ቤት ሲረግሟቸው ነው ያደገው። የእርግማኑን ዝርዝር ለመጽሔቱ ለመላክ ፈቃደኛ መሆኑንም ገልጿል።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ሞቅ ያለ ቢሆንም ሰው አልቆሰለበትም። 28ኛው መጣ። አባቱ በዚያው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። በ1974 አንድ መዝገብ ጠፋና ከሥራ ተሰናበቱ። መዝገቡን ወደ ቤቱ የወሰደው አንድ አለቃ እንደነበር ሁሉም እያወቀ ዕዳው በትንሹ ሰው ላይ ወደቀ። የስንብት ደብዳቤው ላይ ያለው ፊርማ የአራሚው ነው። አባቱ ሰባ ደረጃ ቤታቸው ድረስ ሄደው ለምነዋል። አራሚው ሻይ አቀረቡላቸው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው፣ ደብዳቤውን ግን አላነሡትም። አምስት ልጅ ነበር ቤት ውስጥ። 28ኛው ያ ሁሉ ሹሩባና ኬክ ሲነበብ እኛ የት ነበርን ብሎ ጠይቋል። የደብዳቤውን ፎቶም፣ የአባቱን ስም ከፊሉን ሸፍኖ፣ ለጥፏል።

29ኛው ቸኩሎ ሐሰተኛ ነህ አለው፤ አስተናጋጁ አስጠነቀቀው። 31ኛው ፎቶውን አጉልቶ አይቶ ከፊርማው በፊት «ስለ» የምትል በእጅ የተጻፈች ቃል እንዳለች አመለከተ፤ አራሚው በሌላ ኃላፊ ስም ነው የፈረሙት፣ ውሳኔው የሳቸው ላይሆን ይችላል። ቢሮ የሠራ ያውቀዋል፤ አለቃ የማይፈርማትን ደብዳቤ ምክትል ወይም ተወካይ ስለ ብሎ ይፈርማታል። 28ኛው በ32 ሲመልስ ስለ ማንም ይፈርሙ፣ ስማቸው ነው ከታች ያለው አለ።

33ኛዋ ናት ሌላ ያላየነውን ያየችው። በታይፕ በተመታው ደብዳቤ ላይ የአባትየው ስም አንድ ፊደሉ በቀይ ተሰርዞ በላዩ በትክክለኛው ተተክቷል። ስንብቱን ከመፈረማቸው በፊት ስሙን አርመውታል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለሁለት ተከፈለ። 34ኛው አምስት ልጅ ጎዳና ላይ የሚጥል ወረቀት ላይ ፊደል ለማረም ጊዜ ያገኘ ሰው ልቡ ምንድን ነው አለ። 36ኛዋ በተቃራኒው ቆመች፤ ስሙ የተሳሳተ የስንብት ደብዳቤ የያዘ ሰው ጡረታውንም የሥራ ልምዱንም ሲጠይቅ ያ ሰው አንተ አይደለህም ስለሚባል፣ ያቺ ቀይ ፊደል ትልቅ ውለታ ናት ብላ ተከራከረች፤ ራሷ የሰው ኃይል ክፍል ሠርታለች። 37ኛው ውለታ የሚለውን ቃል ይዞ ዘለፋት። እኔ በዚህ ቦታ ቀኑን ሙሉ አስቤበት አንዱንም ወገን መያዝ አልቻልኩም። የ36ኛዋ ነገር በሥራ ዓለም እውነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ለ28ኛው ግን ያንን መናገር አይቻልም።

35ኛው በዚሁ ግርግር በ1969 ጋዜጣው ላይ ይወጣ የነበረውን ርዕሰ አንቀጽ ማን ጻፈው ብሎ ወደ 6ኛው ሽማግሌ አነጣጠረ። ሽማግሌው በ42 መለሱ፤ ትሕትናቸው አልቆ ነበር። ርዕሰ አንቀጽ ስም አይወጣበትም፣ ከላይ ተጽፎም ይመጣል፣ አራሚው ያርሙት ነበር፣ እኔም አነበው ነበር፣ አንተ የት ነበርክ ብለው። 35ኛው ያኔ አልተወለድኩም ነበር አለ። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተመለሱት።

38ኛው በመሀል ባይገባ ክሩ ይዘጋ ነበር። አራት ኪሎ ጋዜጣ እያከራየ ያደገ ልጅ ነው፤ ዛሬ ውጭ አገር ታክሲ ይነዳል። በ1985 የፕሬስ አዋጁ ወጥቶ የግል ጋዜጣውና መጽሔቱ ሲበዛ ገዝቶ የሚያነበው ጥቂት ነው፤ ብዙው በሳንቲም ተከራይቶ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ ይመልሳል፤ ሥራ ፈላጊው ደግሞ የክፍት ቦታ ማስታወቂያውን ብቻ ገልብጦ ይሄዳል። አራሚው ጡረታ ወጥተው ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ጡረታ ያኔ በ55 ነውና ገና ጠንካራ ናቸው። ችግሩ፣ ተከራይተው ያነበቡት ጋዜጣ በቀይ ተሞልቶ ነው የሚመለሰው። ቀጣዩ ተከራይ ያጉረመርማል። ልጁ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቃቸው፤ ሦስተኛው ላይ ሙሉ ዋጋውን አስከፈላቸው፤ ሳይከራከሩ ከፈሉ፤ በማግስቱም ያንኑ አደረጉ። ከጊዜ በኋላ ግን ሁለት መምህራንና አንድ የሕግ ተማሪ መጥተው የታረመው ደርሷል ወይ እያሉ መጠየቅ ጀመሩ፤ የታረመውን ከንጹሑ ትንሽ አስወድዶ አከራየ። ለአራሚው ይህን አልነገራቸውም። ትርፉን ለመጽሔቱ ማሳተሚያ እልካለሁ ብሏል፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ሰሞኑን የባንክ ቁጥር ጠይቋል።

39ኛው ጡረታ ከወጡ በኋላ በብዕር ስም ለግል መጽሔቶች ይጽፉ እንደነበር ሰምቻለሁ አለ። 40ኛው የሰማበትን ጠየቀው። 39ኛው ዝም አለ። እለፉት።

ልጅቷ 41 ላይ ተመለሰች። ለ28ኛው ነው የጻፈችው፣ አንቱ ብላ። እናቷን እንደጠየቀችና እናቷ ሻይ ጠጥተው የሄዱትን ሰው እንደማያስታውሱ ነገረችው፤ ለልመና የሚመጣ ሰው ብዙ ነበር፣ ሻይም ለሁሉም ይቀርብ ነበር። አባቷን አልተከላከለችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችም። መጽሔቱ ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ ልስጥዎ፣ ደብዳቤውም ይታተም አለችው። 43ኛው ራሱ 28ኛው ነው፤ እቀበላለሁ፣ ግን አንዲት ፊደል ማንም እንዳይነካብኝ አለ።

44 ላይ ትልቁ ወንድሟ ገባ። ሙት ዓመት ፍርድ ቤት አይደለም፤ እናታችን በሕይወት እያለች በአባታችን ተዝካር የስንብት ደብዳቤ አይታደልም። በ45 እህቱ የማሳተሚያውን ገንዘብ የሰጠው እሱ እንዳልሆነ አስታወሰችው። ወንድምና እህት አደባባይ ላይ እንዲህ ሲነጋገሩ ማንበብ ደስ አይልም። 46ኛው፣ አጎታቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ስልክ የሚባል ነገር እንዳለ ለሁለቱም አሳስበው ወጡ። 47ኛው ኮንዶሚኒየም ሊሸጥ መጥቶ ተባረረ። 48ኛዋ፣ የሹሩባዋ ጸሐፊ፣ ከ28ኛው ገጽ አጠገብ የእሷ እንዳይቀመጥ ጠየቀች። ምክንያቷን አልጻፈችም፤ እኔ ግን ገብቶኛል።

49ኛው 6ኛው ሽማግሌ ናቸው። መጽሔቱን ከመታተሙ በፊት እኔ ላርምላችሁ አሉ፤ ከ28ኛው ገጽ በቀር የሚል ጨመሩበት። 50ኛው ማተሚያ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው፤ መጽሔት ገጹ በአራት የሚካፈል መሆን አለበት፣ እስካሁን የደረሰው ጽሑፍ ተሰልቶ 13 ገጽ ስለሆነ ወይ አንድ ይቀነስ ወይ ሦስት ይጨመር ብሏል። ወንድምየው በ51 አንድ ይቀነስ አለ፤ የትኛው እንደሆነ መናገር አላስፈለገውም። እህቱ በ52 ሦስት ይጨመር አለች። ጽሑፍ የምትቀበለው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፤ የራፖር ጸሐፊው ልጅ እርግማኑን እስካሁን አልላከም።